ለጣና ጀልባ የሚስማማው ሞተርና ፕሮፔለር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችሁ ስለ ጀልባ ሞተር እንድናገር ጠይቆኛል። ጥያቄው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከመካከላችሁ አባቱ በጣና ላይ መረብ የሚጥል፥ አጎቱ ከዘጌ እንጨት በታንኳ የሚያመላልስ ልጅ ብዙ ነው። በየቤቱም «ዘንድሮስ ሞተር እንግዛ፥ ግን ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ይሁን?» የሚል ምክር ሲደረግ ይሰማል። ሞተር ማለት በሬ ተሽጦ፥ ብድር ተጨምሮ የሚገዛ የቤተ ሰብ ሀብት ነው። እኔም የምለምናችሁ ገንዘቡ ወደ ነጋዴው እጅ ከመግባቱ በፊት ከውሃው በታች የምትዞረውን ያችን ትንሽ ዕቃ፥ ፕሮፔለርን፥ ጠንቅቃችሁ እንድታውቋት ነው። ጀልባን የሚገፋው ፕሮፔለር ነውና፤ ሞተሩ እርሱን ከማዞር በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ገበሬና ጆን ኤሪክሰን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ፥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፥ መርከብን በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ለመግፋት የፈጠራ መብት አወጡ። ስሚዝ የሠራው ከእንጨት የተጠረበና ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ረጅም ነገር ነበር። በማግስቱ ዓመት በቦይ ውሃ ላይ ሲሞክረው ጠመዝማዛው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨና ግማሹ ተሰብሮ ወደቀ። ሰዎቹ አለቀልን ሲሉ ጀልባዋ ከቀድሞው ይልቅ ፈጠነች! የፕሮፔለር ነገር እንዲህ ነው፤ ትልቅ ይሻላል ተብሎ በግምት የማይፈረድበት ዕቃ ነው። በ1845 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ራትለር የተባለችውን ባለ ፕሮፔለር መርከብ፥ አሌክቶ ከተባለችው በጎን መንኰራኵር ከምትሄድ መርከብ ጋር ጀርባ ለጀርባ በገመድ አስሮ አጓተታቸው። ራትለር አሌክቶን እየጎተተች ወደ ኋላ ወሰደቻት።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ቪቴ በእንጨት ውስጥ ስትጠመዝዙ አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር የተወሰነ ያህል ወደ ፊት ይገባል። ፕሮፔለርም በውሃ ውስጥ እንዲሁ ነው። በእምብርቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቍጥሮች ተቀርጸው ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 9 እና 8። የመጀመሪያው ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደ ሆነ ይናገራል። ሁለተኛው በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደ ፊት እንደሚራመድ ይናገራል፤ እኔ ይህን «ርምጃ» እለዋለሁ። ውሃ ግን እንደ እንጨት ጠንካራ ስላልሆነ ይንሸራተታል፤ በቍጥሩ የተጻፈውን ርምጃ ሁሉ ጀልባው አይሄደውም።

ክበበኞች እርሳስ አንሡ። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይዙር፤ በማርሹ ዙሩ በግማሽ ሲቀነስ ፕሮፔለሩ 2,500 ጊዜ ይዞራል። ርምጃው 8 ኢንች ቢሆን በደቂቃ 20,000 ኢንች፥ ማለት 508 ሜትር፥ በሰዓት ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይፈልጋል። ጀልባችን ግን እንዲህ ሊሄድ ይችላልን? ዕቃ የጫነ ከባድ ጀልባ ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ፥ ራሱ የሚያስነሣው ማዕበል ያግደዋል። የፍጥነቱ ወሰን በቀላል ስሌት ይገኛል፤ የጀልባውን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ማባዛት ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር ከሆነ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ በላይ ሞተሩ ቢያገሣ የጀልባው ኋላ ይሰምጣል፥ ቤንዚን ያልቃል እንጂ ፍጥነቱ እምብዛም አይጨምርም። እንግዲህ 11 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ጀልባ 30 ኪሎ ሜትር የሚመኝ ፕሮፔለር ምን ያደርግለታል? ለእንዲህ ያለ ጀልባ የሚሻለው ክቡ ሰፋ ያለ፥ ርምጃው አጠር ያለ ፕሮፔለር ነው፤ ርምጃውን 5 ኢንች ብታደርጉት ምኞቱ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ተራራ የሚወጣ የጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ እንደሚሄድ ማለት ነው። በውሃው ገጽ ላይ እየተንሸራተቱ የሚበሩት ቀላል ጀልባዎች ሌላ ሕግ አላቸው፤ እነርሱን ዛሬ እተዋቸዋለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የማይነግሩን ጉዳይ ነው። በካታሎግ ላይ «10 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ የሚጻፈው በባሕር ወለል አጠገብ ላለ አየር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሐይቅ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 እጅ ጉልበት ይቀንሳል። እዚህ ከመቶ 18 እጅ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው፤ 10 ብለን የገዛነው ከ8 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከፋብሪካው የመጣው ፕሮፔለር ግን ለሙሉው ጉልበት የተመረጠ ስለሆነ ለደከመው ሞተር ይከብደዋል። ሞተሩ የታዘዘለትን ዙር ሳይደርስ ያቃስታል፥ ይጨሳል፥ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ባለቤቱም «ሞተሩ አነስተኛ ነው፥ ትልቅ ልግዛ» ይላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በርምጃው አንድ ወይም ሁለት ኢንች የሚያንስ ፕሮፔለር መግጠም ነው፤ ዋጋውም ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ቤንዚን የሚያልፍባትን፥ መካኒኮች ጂግለር የሚሏትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፥ ለከፍታው በተወሰነው አነስተኛ ቍጥር መለወጥ ያስፈልጋል። ያው ሞተር ወደ ቆላ ሐይቅ የሚወርድ ከሆነ የቀድሞው ጂግለር መመለሱ አይዘንጋ፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ይግላል።

ስለ ጥልቀቱም ሐይቁን እናስተውል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደቡብ፥ በባሕር ዳርና በዘጌ በኩል፥ ዳሩ ድንጋያማ ነው። ጉማራና ርብ በሚገቡበት በፎገራ በኩል፥ መገጭም በሚገባበት በደምቢያ በኩል ወንዞቹ ያመጡት ደለል ሜዳ ሠርቷል፤ እዚያ ረጅም መንገድ ሄዳችሁም ውሃው ከወገብ ላያልፍ ይችላል። በዚህ ላይ ውሃው በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፥ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በ1995 ዓ.ም. በበጋው ማብቂያ ውሃው እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ ትልልቆቹ ጀልባዎች ጉዞአቸውን እስከ ማቋረጥ ደርሰው ነበር። በጥቅምት ያለ ችግር የገባችሁበት ወደብ በግንቦት ፕሮፔለራችሁን ሊበላው እንደሚችል አስቡ።

ተራው የጀልባ ሞተር እግሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች የሚሰድ ነው። አጭር እግርና ረጅም እግር የሚባሉ አሉ፤ አጭሩ 38፥ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ላህል የጀልባ ኋላ ይሆናሉ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ወለል ጋር ትክክል መሆን አለባት። ለአጭር ጀልባ ረጅም እግር የገዛ ሰው 13 ሴንቲ ሜትር ያለ ጥቅም ጭቃ ውስጥ ይጎትታል። እግሩ እጅግ ከፍ ካለ ደግሞ ፕሮፔለሩ አየር ይጠጣና ሞተሩ ሳይገፋ ይጮኻል። ሌላም አለ፤ ይህ ዓይነት ሞተር የሚቀዘቅዘው ከታች በሚስበው ውሃ ነው። ውሃው ጭቃ ሲሆን የፓምፑ የጎማ ክንፍ ይበላል፥ የውሃው መንገድ ይደፈናል፥ ሞተሩም ይቃጠላል።

ታይላንዶች በየቦዩና በየረግረጉ ለሚሄዱ ጀልባዎቻቸው ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ስሙንም «ረጅም ጅራት» ይሉታል። ሞተሩ በጀልባው ኋላ ላይ ከውሃው በላይ ይቀመጣል፤ ረጅም ዘንግ በቱቦ ውስጥ ሆኖ አጋድሎ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ በጫፉ ትንሽ ፕሮፔለር አለ። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ጭቃ አይጠጣም። ነጂው እጀታውን ወደ ታች ሲጫን ፕሮፔለሩ ይነሣል፤ አሸዋ ቢነካም ዘሎ ያልፋል። ለፎገራና ለደምቢያ በኩል እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ለባሕር ዳር፥ ለዘጌና ለገዳማቱ ደሴቶች መንገድ ግን ተራው ሞተር ይሻላል፤ ረጅሙ ጅራት ክንድ ያደክማል፥ ብዙዎቹም ወደ ኋላ መሄጃ ማርሽ የላቸውም።

ሞተር የሌለው የረጅም ጅራት ሙሉ ዕቃ፥ ማለት ቱቦው፥ ዘንጉ፥ ኩሽኔታዎቹ፥ ማቀፊያውና ፕሮፔለሩ አንድ ላይ ሆኖ፥ ለብቻው ይሸጣል። ሞተሩን ገዢው ይጨምርበታል። የሚያስፈልገውም በፎገራ ሽንኩርት የሚያጠጣው የውሃ መሳቢያ ሞተር ዓይነት ነው፤ ብልሃተኛ ቤተ ሰብ አንዱን ሞተር ለሁለት ሥራ ሊያውለው ያስባል። ማሰቡ መልካም ነው፥ ነገር ግን አስቀድማችሁ ለኩ። የአንዳንዱ ሞተር ዘንግ ውፍረት 19.05 ሚሊ ሜትር፥ የሌላው 20 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለይም፤ ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም፥ በመዶሻ ቢገባም ኩሽኔታ ይሰብራል። ለውሃ መሳቢያ የተሠራ ሞተር ደግሞ የዘንጉ ጫፍ ጥርስ የወጣለት ሊሆን ይችላልና ለጅራቱ ማያያዣ አይሆንም። ዙሩንም እዩ፤ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ከዘንጋቸው ወገን ሆነው ሲያዩዋቸው ወደ ግራ ይዞራሉ። ወደ ቀኝ ለሚዞር የተቀረጸ ፕሮፔለር ብትገጥሙበት ጀልባው ወደ ኋላ ይሄዳል።

የዘንጉን ርዝመት በሳይን ማስላት ለአሥረኛ ክፍል ልጅ ቀላል ነው። የሞተሩ ዘንግ ከውሃው በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ቢቀመጥ፥ ፕሮፔለሩ ከውሃው በታች 15 ቢገባ፥ ድምሩ 55 ነው። ዘንጉ በ15 ዲግሪ እንዲያጋድል ብንፈልግ 55ን ለ0.26 ስናካፍል 2 ሜትር ከ12 ያህል ይወጣል። ስለ ዲግሪው የምጠነቀቀው እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 ዲግሪ በላይ ሲያጋድሉ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ውስጣቸው ስለሚደርቅ ነው። አጭር ጅራት በርካሽ የገዛ ሰው ሞተሩን አቀርቅሮ ይነዳል፤ ሞተሩም ሳይቆይ ይነክሳል።

በ2003 ዓ.ም. ማብቂያና በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም በሰሜናዊው ዳር የታየው እምቦጭ ለፕሮፔለር ሌላ ጠላት ሆኖ መጥቷል። ሥሩ እንደ ጠጕር ተንጠልጥሎ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ክንፎቻቸው ወደ ኋላ እንደ ማጭድ የጎበጡ ፕሮፔለሮች አረሙን እያንሸራተቱ ይጥላሉ፤ ለእንዲህ ያለው ውሃ እነርሱን ምረጡ። ቢሆንም እምቦጭ የተቆረጠ ቅንጣቢው በቅሎ አዲስ ተክል ይሆናል። ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ንጹሑ ዳር የደረሰ ቅንጣቢ የሌላውን መንደር ዓሣ አስጋሪ ሊያስርብ ይችላል። ስለዚህ ከአረሙ ስትወጡ፥ ጉዞ ከመቀጠላችሁ በፊት፥ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠራርጉ፤ የጠረጋችሁትንም ወደ ውሃው ሳትጥሉ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ በየብስ አቃጥሉት። ሞተር ሳይጠፋ እጅ ወደ ፕሮፔለር የሚሰድ ሰው ጣቱን ይዞ አይመለስም።

ስለ ማዕድኑ ባጭሩ ልናገር። የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው፥ ውድም ነው። ነገር ግን ድንጋይ ሲመታ ራሱ አይሰበርም፥ ምቱን ወደ ማርሹ ያስተላልፋል። አሉሚኒየም ይጎብጣል ወይም ይሰበራል፤ በመሰበሩም ማርሹን ያድናል። ለዘጌ ድንጋይ አሉሚኒየም ይበቃል፥ ሁለተኛም ትርፍ ይያዝ። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ ደካማ ሆና የተሠራች ፒን አለች፤ ፕሮፔለሩ ሲጋጭ እርስዋ ተቆርጣ ሌላውን ታድናለች። በእርስዋ ቦታ ምስማር የሚከት ሰው አይቻለሁ። ምስማሩ አልተቆረጠም፥ ማርሹ ግን ተፈጨ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ጣና ሲናወጥ፥ ከዳር ሁለት ሰዓት ርቆ ፒን ያጣ ጀልባ የሚጠብቀውን ወላጆች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ትርፍ ፒን፥ ፒንሳና መቅዘፊያ ከጀልባው አይታጡ፤ ሞተር ያለው ሰው መቅዘፊያውን ለማገዶ እንዳይሰጥ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ፈተናው ይህ ነው። ጀልባውን ዘወትር በሚጭነው ሰውና ዕቃ ልክ ጫኑት፤ ባዶውን መሞከር ያታልላል። ጥልቅ ውሃ ላይ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ስጡትና ዙሩን በዙር መቍጠሪያ ተመልከቱ። በመጽሐፉ ከተጻፈው በታች ከቀረ ርምጃውን ቀንሱ፥ ካለፈ ጨምሩ፤ አንድ ኢንች በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይለውጣል። ጥልቀቱ ባነሰበት ስፍራ ግን ፍጥነት ቀንሱ፤ ጀልባ በጥልቅ ካልሆነ ውሃ ላይ ሲፈጥን ኋላው ወደ ታች ይሳባልና ሳይታሰብ ፕሮፔለሩ መሬት ይነካል።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት ፕሮፔለሮች አሉ፤ ቍጥሮቻቸውን በወረቀት ሸፍኛቸዋለሁ። የሳይንስ ክበብ ልጆች በማስመሪያና በገመድ ስፋታቸውን ለክታችሁ፥ ርምጃቸውን ገምታችሁ፥ የትኛው ለእንጨት ጫኝ ጀልባ እንደሚሆን ንገሩኝ። ወላጆችም ጥያቄ ካላችሁ እነርሱ እስኪለኩ ድረስ እመልሳለሁ።