ልጆቻችን ቴአትር ለምን ይማራሉ?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለወላጆች የተደረገ ንግግር። ላልተገኙት እንዲደርስ ከሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፤

ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ቦይ ጽዳት ልንናገር አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ስለሚማሩት ቴአትር ነው።

እንደምታውቁት በዚህ ጉዳይ አቤቱታ ቀርቦልናል። አንደኛ፣ ልጆቹ የጥናት ጊዜያቸውን ያባክናሉ የሚል ነው። ሁለተኛ፣ ሴት ልጅ እስኪመሽ ከወንዶች ጋር ምን ታደርጋለች የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ልጃችንን የላክናት እንድትማር ነው እንጂ አዝማሪ እንድትሆን አይደለም የሚል ነው። አንድ አባት ልጃቸውን አስቀርተዋታል። እናት ሆና የምትጫወተው እሷ ስለ ነበረች፣ ልምምዱ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቆሟል። ጓደኞቿም ክፍሏን ለሌላ አንሰጥም ብለዋል።

እኛ የኮሚቴው አባላት ታዲያ ነገሩን በወሬ ከመፍረድ ብለን፣ ልምምዱ ሳይቆም በፊት አዳራሹ ገብተን ተቀምጠን አይተን ነበር። ያየነውን እንንገራችሁ።

የሚያስተምሯቸው መምህር የሚመጡት ያለ ክፍያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጽሑፍ የሚባል ነገር አላስያዟቸውም። ክብ ሠርተው ቆመው መተንፈስ ነው የተማሩት። ድምፅ ከጉሮሮ ብቻ ከወጣ ይሰልላል፤ ትንፋሹ ከሆድ ሲመጣ ግን ሳይጮኹ ይሰማል። አንዱ ልጅ ከመድረኩ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፣ ሌላው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ያዳምጣል። ካልተሰማው እጁን ያነሣል፣ ያኛውም እንደገና ይናገራል።

ቀጥሎ ተቀምጠው ጽሑፉን በየተራ ያነባሉ። ተውኔቱን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። የአንዱ ቤት የጣሪያ ውኃ በጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ስለሚወርድ የተጣሉ ሁለት ቤተ ሰቦች ታሪክ ነው። (ሳቃችሁ ገብቶናል፤ በእኛ ሠፈር ይህ ነገር የማይነካው ማን አለ?) መምህሩ ስለ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ ይህ ሰው ምን ይፈልጋል? የሚከለክለውስ ምንድን ነው? ይህ ሳይመለስ ቃሉን በቃል መያዝ የለም።

ከዚያ በኋላ ወለሉ ላይ በጠመኔ መቆሚያ ይመለከትላቸዋል። ለተመልካች ጀርባ አይሰጥም። ባልደረባ ተናግሮ ሳይጨርስ አይገባበትም። ጽሑፉን ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስታውስ አንድ ልጅ አለ፤ የእሱ ሥራ ከዋናው ተጫዋች አያንስም። እኛን በጣም የገረመን ግን ይህ ነው፦ በአንዱ ቅዳሜ የባለ ጣሪያውን የተጫወተ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ የባለ ግድግዳውን እንዲጫወት ይደረጋል። ባለፈው የተሳደበው ልጅ አሁን ስድቡን ተቀባይ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ የሽምግልና ትምህርት እኛ አላየንም።

የራሳችንንም ጥፋት አንደብቅም። ባለፈው ለአዲስ ዓመት በዓል ዝግጅት ልጆቹን በሦስት ሳምንት አድርሱ ብለን አጣደፍናቸው። ሸመደዱና ወጡ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንድ ቃል አልሰማም። እኛም በመካከሉ ቡናና ፈንዲሻ ማዞር ጀመርን። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የልጆቹ አልነበረም። ቴአትር የሁለትና የሦስት ወር ሥራ ነው።

አዝማሪነት ለተባለው፣ አዝማሪም ቢሆን ያገራችንን ታሪክ በማሲንቆ ያቆየ ሰው ነውና ስሙ ለስድብ ባይሆን ደግ ነበር። በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ተውኔት፣ ፋቡላን፣ የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመንግሥት ትልቅ ሰው ነበሩ። ይህም ከሆነ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል። ዮፍታሔ ንጉሤ አስተማሪ ነበሩ፤ ተውኔቶቻቸውን የሚጫወቱላቸውም ተማሪዎች ነበሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ተውኔታቸውን የጻፉት ገና አምቦ ተማሪ ሳሉ ነው። አገር ፍቅር ቴአትር ቤትም በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ማኅበር ነበር። ማኅበርና ቴአትር እንግዲህ ዘመዳሞች ናቸው።

በዚያ ዘመን የሴቶቹን ክፍል ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። ዛሬም ሴቶች ልጆቻችንን ካስቀረን ወደዚያው መመለሳችን ነው። ቢሆንም የአባትየውን ሥጋት አንንቅም፤ የሁላችንም ሥጋት ነው።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ከ6ኛ ክፍል አላለፍንም። ስለ ውኃ መስመሩ ለማመልከት አንድ መሥሪያ ቤት በተላክን ጊዜ፣ ኀላፊው ቀና ብለው ሲያዩን ቃላችን ከጉሮሯችን ቀረ። ወረቀቱን አስቀምጠን ወጣን፤ መልስም አላገኘንም። አዳራሹ ውስጥ ያቺ ልጅ በጎረቤቷ ፊት ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሳትጮህ፣ ሳትሳደብ በደሏን ስትናገር ስንሰማ የታወሰን ያ ቀን ነው። ልጆቻችን የሚማሩት ይህን ነው፤ ተራን ጠብቆ መስማትና ሲደርስ መናገር። ሁሉም ተዋናይ አይሆኑም። ሁሉም ግን አንድ ቀን ከአንድ ኀላፊ ጠረጴዛ ፊት መቆማቸው አይቀርም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል፦

1ኛ/ ልምምዱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ በ11 ሰዓት ያበቃል፤ አንድ ደቂቃ አያልፍም።

2ኛ/ በየሳምንቱ ሁለት እናቶች በተራ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፈትል ወይም ሹራብ ይዘው ቢመጡ ይቻላል።

3ኛ/ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸው ሲቃረብ ከልምምድ ያርፋሉ።

4ኛ/ ትምህርቱ የቀነሰበት ልጅ እስኪያሻሽል ድረስ ይቆያል።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጥተን እንወስናለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ተራ ለመያዝ ፈቃደኛ የሆናችሁ እናቶች ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ። አባትየውንም፣ ከመካከላችን እንዳሉ እናውቃለን፣ በማክበር እንለምናለን፦ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ይምጡና ከኋላ ይቀመጡ። የልጅዎ ድምፅ እዚያ ድረስ ይሰማል። ጓደኞቿ ክፍሏን ጠብቀውላታል።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው