ልጃችሁ «ደህና ነኝ» ሲላችሁ

በሬዲዮ የቀረበ ስብከት፤ ለትራክት የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ነገሥት 4፥18-37

 

ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ ዳገቱን ብትወጡ፣ እንጦጦ ማርያም ትደርሳላችሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ አዲስ አበባ ከእግራችሁ ሥር ትዘረጋለች። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው፣ ዝቅ ሲል አምስት ኪሎ፣ ከዚያም አራት ኪሎ። እኔ ከተራራው ሥር ነው ያደግሁት። ከዚያ ላይ ብዙ ነገር ይታያል። የማይታየው ግን በዚያ ሁሉ ጣራ ሥር የተኛ የአንድ ልጅ ልብ ነው።

ያ ተራራ ሌላም ትዝታ አለው። የኤችአይቪ መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ጠበል ፍለጋ የመጡ ብዙ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ትንንሽ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ይህን የማነሣው የሃይማኖት ክርክር ለመክፈት አይደለም። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ሕመማቸውን ለገዛ ቤተሰባቸው መናገር ያልቻሉ ነበሩ። እናት በአገሯ «ልጄ ሥራ ይዟል» ትላለች፤ ልጁ ተራራው ላይ ብቻውን ይታመማል። በሽታው አንድ ሸክም፣ መደበቁ ደግሞ ሌላ ሸክም ነበር። ዛሬ ስለዚህ ሁለተኛው ሸክም ነው የምነግራችሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱን ሰማን። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጀመሪያ በግቢያቸው እንዲቆዩ ተባለ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ወደየቤታቸው ተሸኙ። በብዙ ቦታ ዶርሞቹ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወላጅ ግን ቀድሞም እንቅልፍ አልነበረውም። በዚያው ዓመት በየግቢው ግጭት ነበር። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች አስቡ፤ የልጃቸውን ድምፅ ለመስማት ስልክ ስልኩን የሚያዩ ወላጆችን አስቡ። እንግዲህ የእኛ ልጅ ሻንጣውን ይዞ በር ሲያንኳኳ «ተመስገን!» አልን። ቤት ገባ ማለት ደህና ሆነ ማለት መሰለን።

አንዲት እናት አለች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን የምናገረው ግን ፈቅዳልኝ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ እያወረደች ልጇን አሳደገች። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሰፈሩ «ኢንጂነር» እያለ ሸኘው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበር ኮሮና የመጣው። ቤት ከገባ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ሌሊት ይነቃል፤ ምግብ ይገፋል። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ደህና ነኝ እማዬ» ይላታል። እሷም ስንፍና መሰላት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ልጁ ሚያዝያ ላይ ለእኔ ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ትንሽ ከብዶኛል» አለኝ። እኔም «በርታ ወንድሜ፣ ጸልይ፣ ጌታ ያውቃል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። በቴሌግራም ደግሞ አንድ ጥቅስ ላክሁለትና የእረኝነት ሥራዬን የሠራሁ መሰለኝ። ምን እንደከበደው አልጠየቅሁትም።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ሱነማዊቷ ሴት ልጇ ከአባቱ ጋር እርሻ ቦታ ሳለ ራሱን አመመው። ተሸክመው አመጡላት፤ እስከ ቀትር በጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ሞተ። ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንይ።

አንደኛ፤ «ደህና» የሚለው ቃል ሁልጊዜ እውነተኛ ወሬ አይደለም። ይህች ሴት ልጇን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ በሩን ዘግታ ስትወጣ ባሏ ለምን እንደምትሄድ ጠየቃት። ደህና ነው ብላ አለፈች። ግያዝ መንገድ ላይ ተቀብሎ ስለ እሷም፣ ስለ ባሏም፣ ስለ ልጇም ጠየቃት። አሁንም ደህና ነው አለች። ልጁ እኮ ሞቷል! ሰው የሚሰማው እስኪያገኝ ድረስ በዚህ ቃል ተሸፍኖ ይሄዳል። እኛም በስልክ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እንዘጋለን።

ሁለተኛ፤ የእግዚአብሔር ሰው አለማወቁን አመነ። ሴትየዋ ኤልሳዕ ዘንድ ስትደርስ እግሩን ጨብጣ ያዘች። ግያዝ ሊገፋት ቀረበ። ኤልሳዕ ግን ተዋት አለ፤ ነፍሷ አዝናለች፣ እግዚአብሔርም ነገሩን ከእኔ ሰውሮታል አለ። ነቢይ ሆኖ «አላወቅሁም» አለ! እኛስ? ልጃችን ሳይናገር «ሰነፍ ነው»፣ «ስልክ ነው ያበላሸው»፣ «መንፈስ ነው» ብለን እንፈርዳለን። መጀመሪያ እግራችንን ይያዘው። መጀመሪያ ይናገር።

ሦስተኛ፤ በትር መላክ አይበቃም። ኤልሳዕ በትሩን ለግያዝ ሰጥቶ ላከው። ግያዝም ሮጦ በትሩን በልጁ ፊት ላይ አኖረ። ድምፅም የለ፣ መስማትም የለ። እኔ በቴሌግራም የላክሁት ጥቅስ ይህ በትር ነበር። ቃሉ ሕያው ነው፤ እኔ ግን አልሄድኩም። ልጁ የተነሣው ኤልሳዕ ራሱ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ ጸልዮ፣ አፉን በአፉ፣ ዓይኑን በዓይኑ፣ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ የልጁ ሥጋ እስኪሞቅ ድረስ ሲቆይ ነው። አንድ ጊዜም አልበቃም፤ ተነሥቶ በቤቱ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፣ ደግሞም ተመለሰ። በኮሮናው ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ተብለን ነበር፤ ማስክም አድርጉ ተብለን ነበር። ልብ ግን ሁለት እርምጃ ይራቅ ያለ የለም።

ያቺ እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ለኩሳ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። እንዲህ አለችው፦ «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ደህና ነኝ እንዳትለኝ። እኔ ሸክም የማውቅ ሴት ነኝ። ከተራራው ስወርድ ሲከብደኝ ድንጋይ ላይ አሳርፌው እቀመጣለሁ። አንተም አውርደው፤ እስቲ አብረን እንየው።» ልጁ አለቀሰ። ውጤቱ ተበላሽቶ ከትምህርቱ ሊባረር ጫፍ የደረሰው ኮሮና ሳይመጣ ነበር። ሰፈሩ «ኢንጂነር» እያለው እንዴት ይንገራት? ከዚህ ሕይወት መገላገልንም አስቦ ነበር። አልጮኸችም። «ለዚህ ነው የተሸከምኩት?» አላለችም። «በሕይወት መኖርህ ይበልጥብኛል» አለችው። እስኪነጋ አጠገቡ ነበረች። በነጋታው እኔን ጠራችኝ፣ አብረንም ሐኪም ዘንድ ሄድን። ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ውጤቱ እንዳለ ነው፤ ሁሉ ነገር አልተፈታም። ነገር ግን ሕክምናውን ይከታተላል፣ ይበላል፣ ይስቃል። በሕይወት አለ።

ልጆቻችሁ ወደ ግቢ ሲሄዱ፣ እናቶች በሶ ትፈጫላችሁ፣ ዳቦ ቆሎ ትጠብሳላችሁ። ጥሩ ነው! እሴይም ልጆቹ ሰልፍ ላይ ሳሉ የተጠበሰ እህልና ዳቦ በዳዊት እጅ ልኳል፤ ደህንነታቸውን አይቶ ምልክት እንዲያመጣለትም አዝዞታል (1ኛ ሳሙኤል 17፥17-18)። ስንቅ ብቻ አልላከም፤ የሚያይ ዓይን ላከ። እናንተም «ደህና ነህ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ሌሊት ትተኛለህ ወይ? ዛሬ ምን በላህ? ሲከፋህ ለማን ትነግራለህ?» በሉ። ውጤቱን ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። በግቢው ያለውን የተማሪዎች ኅብረት፣ የኢቫሱን ወንድሞችና እህቶች ተዋወቁ፤ ልጃችሁን በዓይናቸው የሚያዩላችሁ እነሱ ናቸው። እንቅልፉ ከጠፋ፣ ከሰው ከሸሸ፣ «ብሞት ይሻላል» ካለ፣ እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ብቻውንም አትተዉት። ጸልዩለት፣ ሐኪም ዘንድም ውሰዱት። ሁለቱ አይጣሉም፤ ጠቢብ ሐኪምም የጌታ ስጦታ ነው።

አንተ ተማሪ፣ አንቺም እህቴ፣ ይህን የምትሰሙ፣ ከግሬዳችሁ በፊት የተወደዳችሁ ናችሁ። ዛሬ ለአንድ ሰው «ደህና አይደለሁም» በሉ። አንዱ እንደ እኔ ቸኩሎ ስልክ ቢዘጋባችሁ ለሌላ ሰው ደውሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የምሥራቹ ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ከሰማይ ሆኖ «ደህና ናችሁ?» ብሎ ብቻ አልቀረም። በትር አልላከብንም። ልጁን ላከ። ኢየሱስ ሥጋችንን ለበሰ፣ እንደ እኛ ተራበ፣ አለቀሰ፣ ኃጢአታችንን ተሸክሞ በመስቀል ላይ ሞተ፣ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ። በእርሱ ፊት «ደህና ነኝ» ብሎ መሸፈን አያስፈልግም። እግሩን የያዘን ሰው ገፍቶ አያውቅም።

እንጸልይ፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ደህና ሳልሆን ደህና ነኝ ብዬ የኖርሁበትን ቀን ታውቃለህ። ኃጢአቴንም ሸክሜንም በእግርህ ሥር አኖራለሁ። ማረኝ፣ ልጅህ አድርገኝ። በየግቢው ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቅ፤ ወሬ ለራቃቸው ቤተሰቦች ወሬ አሰማቸው። እኛንም የሚሰማ ጆሮ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ይህን ጸሎት ከልብዎ ጸልየው ከሆነ በአቅራቢያዎ ወዳለች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይንገሩ። ትራክቱን ካነበቡ በኋላ ልጅ ግቢ ለላከ ጎረቤት ይስጡ። ጌታ ይባርካችሁ።