ፍሬውን ከገለባው መለየት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤታችሁ ዕለት ዕለት በምታነቧቸው ደብዳቤዎች ራስጌ ላይ «ጉዳዩ» የሚል ቃል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከዚያ ቀጥሎ «የዓመት ዕረፍትን ይመለከታል» ቢል፣ አመልካቹ ይህን ብቻ አንብቦ ሊደሰትም ሊያዝንም አይችልም፤ ፈቃዱ መሰጠቱን ወይም መከልከሉን የሚነግረው ከታች ያለው ቃል ነውና። የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይኸው ልዩነት ነው። ጽሑፉ ስለ ምን እንደ ሆነ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለዚያ ነገር ምን እንደሚል ማወቅ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ርእስ ሲባል፣ ሁለተኛው ፍሬ ነገር ወይም ዋና አሳብ ይባላል።

ይህን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ማስተማር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ከእናንተ መካከል በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እየኖራችሁ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የምትመላለሱ ብዙዎች ናችሁ። ሦስቱም ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። በዚያ የሚያድገው ልጅ በአብዛኛው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ፊደልና ሦስት ቋንቋ ተሸክሞ የሚጓዝ ልጅ ነው። በሚገባው ቋንቋ እየተማረ ሳለ ፍሬ ነገር ማውጣትን ካልለመደ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የታሪክ ወይም የሥነ ሕይወት መጽሐፍ በተሰጠው ጊዜ የሚቀረው መንገድ ቃል በቃል መሸምደድ ብቻ ነው። በአንድ ቋንቋ የለመደውን ግን ወደ ሌላው ይዞት ይሻገራል።

አባቶቻችን ልዩነቱን ያውቁት ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጁ በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል፤ ትርጓሜውን የሚያገኘው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ነው። የዛሬው ተማሪ ያን ያህል ጊዜ ስለሌለው፣ ንባቡንና መረዳቱን አንድ ላይ መማር ይገባዋል።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ የሚያልፍ ሁሉ ባሕር ዛፍን ያያል። ለልጃችሁ ይህን አንቀጽ ስጡት፦

«በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። ስለዚህም ከቡራዩ ባሻገር በአምቦ መንገድ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም መናገሻውን ለማዛወር ታስቦ ነበር። መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቅጠሉን ሰዎች ለጉንፋን ይታጠኑታል። ከተማው ማገዶ ስላገኘ መናገሻው በአዲስ አበባ ጸና።»

«ፍሬ ነገሩ ምንድን ነው?» ብትሉት ምናልባት «ባሕር ዛፍ» ይላችኋል። ይህ የደብዳቤው «ጉዳዩ» ነውና፣ «ስለ ባሕር ዛፍ ምን ይላል?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። «ለጉንፋን ይጠቅማል» ሊልም ይችላል፤ ከቤቱ የሚያውቀው ስለ ሆነ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። አትቆጡት፤ ያን ዓረፍተ ነገር በጣቱ ሸፍኖ እንደገና ያንብብ። አንቀጹ አይናጋም። አሁን ደግሞ ስለ ጉቶው የሚናገረውን ይሸፍን፤ ከተማው ማገዶ ከወዴት እንዳገኘ የሚያስረዳው ምክንያት ይጎድላል። ሲሸፈን አሳቡን የሚያናጋው ምሰሶ ነው፤ የማያናጋው ጌጥ ነው።

በመጨረሻ በራሱ ቃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፦ «ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ የማገዶን ችግር ስላቃለለ መናገሻው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ቀረ።» ይህ ዓረፍተ ነገር በአንቀጹ ውስጥ በዚህ መልክ አይገኝም፤ ልጁ ራሱ የገነባው ነው። «የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ዋና አሳብ ነው» የሚለው ልማድ የሚያሳስተውም ስለዚህ ነው፤ የእኛው አንቀጽ የጀመረው ስለ ደኑ ማለቅ ነውና።

ነገሩ የፈተና ብቻ አይደለም። በቤተሰቡ መካከል አንባቢው ልጁ ብቻ የሆነበት ቤት አለ። አንዲት እናት የደረሳትን ደብዳቤ ለልጇ ሰጥታ «ምን ይላል?» ብትለው፣ እርሱም ሳያደናቅፍ አንብቦ «ስለ ቦታችን ነው» ቢላት፣ ነገር ግን በአሥር ቀን ውስጥ መቃወሚያ ካላቀረበች መብቷ እንደሚቀር የሚናገረው መስመር ቢያመልጠው፣ ንባቡ ምን ጠቀማት?

ያን ደብዳቤ የምንጽፈው ደግሞ እኛ መሆናችንን አንርሳ። ስለዚህ ሁለት አደራ አለብን፦ ማታ ከልጆቻችን ጋር አንድ አንቀጽ እያነበብን «ምን ይላል?» ብለን መጠየቅ፤ ቀን በመሥሪያ ቤታችን ስንጽፍ ፍሬ ነገሩን ከገለባው በታች አለመቅበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።