ዋት ብቻ አይበቃም፦ ለመስጊድ የድምፅ መሣሪያ ስለ መምረጥ
(ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለመስጊድ የሚዋጣ ገንዘብ አማና ነው። ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ የሰጠ ሰው፣ ከመጋረጃው ወዲያ የተቀመጠች እናትም ብትሆን፣ ኹጥባው ቃል በቃል እንዲደርሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ የድምፅ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት ስለ ስፒከር ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባናል። አንደኛ በትንሽ ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ሁለተኛ የአቅሙ ወሰን የት ላይ እንደሆነ፣ ሦስተኛ ሰብዉፈር መቼና እንዴት እንደሚጣመርለት ነው።

ገበያ ስንወጣ ሁላችንም የምንጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። ነገር ግን በስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ሊሸከም የሚችለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይነግረናል እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይነግረንም። ድምፁን የሚነግረን ባለሙያዎች ሴንሲቲቪቲ የሚሉት ነው፤ እኛ ትብነት እንበለው። ይኸውም 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ማለት ነው። የቤት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል ይሰጣል። በሚናራ ላይ የምናየው የጥሩምባ ቅርጽ ያለው ስፒከር ግን 105 እና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ጥሩምባው ድምፁን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከዋልና።

የዴሲቤል ሒሳብ ከተራ ሒሳብ ይለያል። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ኃይሉ 10 እጥፍ ሲሆን 10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ይህም ለጆሮ በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል። በአንጻሩ በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በአዳራሽ ውስጥ የግድግዳው ማስተጋባት የድምፁን መጠን ይደግፈዋል፤ ቃሉን ግን ያደበዝዘዋል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ከስፒከሩ 16 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ኹጥባው በ75 ዴሲቤል እንዲደርሰው ፈለግን እንበል። ከ1 ወደ 16 ሜትር ርቀቱ አራት ጊዜ ስለሚታጠፍ 24 ዴሲቤል ይጠፋል። ኢማሙ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እንዳይሰነጣጠቅ የ10 ዴሲቤል መጠባበቂያ እንጨምር። ድምሩ 109 ይሆናል። ትብነቱ 89 የሆነ ስፒከር ይህን ለመስጠት 100 ዋት ያስፈልገዋል፤ ትብነቱ 99 ለሆነው ግን 10 ዋት ይበቃዋል። እንግዲህ ዋቱን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ለአምፕሊፋየሩ ያለ አግባብ ገንዘብ ያወጣል ማለት ነው።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። ስፒከሩን ወደ ሰዉ ማቅረብ ነው። ያው 89 የሆነው ስፒከር ከአድማጩ 4 ሜትር ላይ ቢሰቀል የሚያስፈልገው ከ7 ዋት ያነሰ ነው። ለሴቶች ክፍልና ለኋላ ሰፎች ትንንሽ ስፒከሮችን ማከፋፈል ከፊት አንድ ትልቅ አቁሞ ከማስጮህ ይበልጣል። ከፍታውም ቁም ነገር ነው፤ የፊተኛው ሰፍ ሰውነት ለኋለኛው የሚሄደውን ድምፅ ይጋርዳልና። ቢላል (ረ.ዐ.) በመዲና ለፈጅር አዛን ያደርጉ የነበረው በመስጊዱ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ከፍ ባለው ቤት ላይ ሆነው እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንሄድ፣ ማንኛውም ስፒከር ሁለት ወሰን አለው። አንዱ ሙቀት ነው። የሚገባው ኃይል አብዛኛው በውስጡ ባለው ጥቅል ሽቦ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሽቦው በጋለ ቁጥር የድምፁ መጨመር ይለግማል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ሁለተኛው የሽፋኑ እንቅስቃሴ ነው። ከ80 ወደ 40 ኸርዝ ወርደን ያንኑ ያህል ድምፅ ብንፈልግ ሽፋኑ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከልኩ ካለፈ ይንኳኳል፣ ይቀደዳልም። በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚሸከመው ነው፤ መጠየቅ ያለብን ያለማቋረጥ የሚሸከመውን፣ አር.ኤም.ኤስ. የሚባለውን ነው። ትንሽ አምፕሊፋየርን እስከ ጥግ ማስጮህም ከጉዳት አያድንም፤ ድምፁ ሲቆራረጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ቲዊተር ሊያቃጥለው ይችላል።

የጆሮም ወሰን አለ። የሥራ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በምሳሌያችን ለ16 ሜትር ተብሎ በከፈትነው ስፒከር ፊት፣ 2 ሜትር ላይ የተቀመጡ አዛውንት 93 ዴሲቤል ይደርሳቸዋል። በተከፋፈሉት ስፒከሮች ግን 2 ሜትር ላይ ያለው ሰው የሚደርሰው 81 ነው።

ለጎረቤትም ማሰብ ይገባል። የሳዑዲ ዐረቢያ የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የመስጊዶች የውጭ ድምፅ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲውል፣ መጠኑም ከመሣሪያው ሲሶ እንዳያልፍ አዝዟል። እዚህ ላይ ሒሳቡን ልብ በሉ። ኃይሉ ወደ ሲሶ ቢወርድ ድምፁ የሚቀንሰው በ5 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉን በዓይን ከመገመት ከግቢው አጥር ላይ ቆሞ በዴሲቤል መለካት ይሻላል።

ሦስተኛው ነጥብ ሰብዉፈር ነው። ወጣቶቻችን ድምፁ «ደረት እንዲመታ» ይወዳሉ። ሆኖም የንግግር ቃላት የሚለዩት በአብዛኛው ከ500 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። የመስመር ስልክ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ብቻ እያስተላለፈ ስንግባባ የኖርነው ለዚህ ነው። ሰብዉፈር የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ከ80 ኸርዝ በታች ነው። ምንጣፋችን ቀጭኑን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙን ግን አይዘውም። በመሆኑም ለኹጥባና ለቂርአት ሰብዉፈር መክፈት ቃሉን በጉምጉምታ ይሸፍነዋል፤ የማይክሮፎኑ መስመር ከነጭራሹ ወደ ሰብዉፈሩ ባይሄድ ይመረጣል።

ነገር ግን በአዳራሽ መንዙማ ከድቤ ጋር ሲቀርብ ሰብዉፈር ቦታ አለው። በሙያው የሆፍማን ሕግ የሚባል አለ። ትንሽ ሣጥን፣ በጣም ወፍራም ድምፅና ከፍተኛ ትብነት ሦስቱም አንድ ላይ አይገኙም፤ ሁለቱን መርጦ አንዱን መተው ግድ ነው። ስለዚህ ትንሹ ሰብዉፈር ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ዋናዎቹ ስፒከሮች 98፣ ሰብዉፈሩ 88 ከሆነ፣ እኩል ለመሄድ ለሰብዉፈሩ 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልገዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ሰብዉፈሮች እኩል ኃይል አግኝተው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከአንዱ ይልቅ እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራሉ። ክሮስኦቨር በሚባለው መሣሪያ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ለሰብዉፈሩ፣ በላይ ያለው ለዋናዎቹ ይከፋፈል፤ ዋናዎቹም ከከባዱ እንቅስቃሴ ያርፋሉ። በመጨረሻ የሰብዉፈሩን ሁለት ገመዶች እያገላበጡ መሞከር፣ በሁለቱ መገናኛ ላይ ድምፁ ይበልጥ የሚሞላበትን መያዝ ነው። ከተገለበጠ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋዋል።

ውድ ጀመዓ፤ ለግዥ የሚላኩ ወንድሞቻችን ትብነቱን፣ የማያቋርጥ ዋቱንና የአዳራሹን ርቀት በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። መሣሪያው ከተተከለ በኋላም አንድ ሰው ከኋላ ሰፍ፣ አንዲት እህት ደግሞ ከሴቶች ክፍል ሆነው ያዳምጡ። ቃሉ ለእነርሱ ጥርት ብሎ ከተሰማ አማናው ደርሷል።