ሟቹን እንቅበር፣ ቋሚውን በዕዳ አንቅበር
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ቄስም መምህርም አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ነገር ግን በዚህ ዕድር አብረን ብዙ ሰው ቀብረናልና ከአባቶች የሰማሁትን በአጭሩ ላሳስብ። የእስልምና ተከታይ አባሎቻችን የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው የምናገረው ስለ እኛው ስለ ኦርቶዶክሶቹ ነው።

እንደ ሃይማኖታችን ትምህርት ሞት የነፍስና የሥጋ መለያየት ነው እንጂ ጠፍቶ መቅረት አይደለም። ሥጋ ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ ነፍስ ግን እንደ ሥራዋ በገነት ወይም በሲኦል ሆና ትንሣኤን ትጠብቃለች። ጌታ ዳግመኛ ሲመጣ ሁለቱ ተዋሕደው ለፍርድ ይነሣሉ። ሰው ሲሞት «ዐረፈ» የምንለውም ለዚሁ ነው።

ማልቀስ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታም ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ አልቅሷል። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት ግን ትንሣኤን ከሚጠብቅ ሰው አይጠበቅም።

ፍትሐቱ የሚደርሰው ከመጽሐፈ ግንዘት ነው። ሣልስቱ የጌታን ትንሣኤ፣ አርባው ዕርገቱን ያሳስባል። ሰማንያውም፣ መንፈቁም፣ ሙት ዓመቱም አለ። በነዚህ ቀኖች ሁሉ ሟቹን የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ አባቶች የሚያስተምሩን ይህንን ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? በሬ ይታረዳል፣ ጠላው ይጠመቃል። ውስጥ ገብቶ የሚበላው ቤቱ ያልጎደለበት ጎረቤት ነው፤ ድኻው በር ላይ ትርፍራፊ ይጠብቃል። ባሏ የሞተባት እኅታችን «ሰው ምን ይለኛል» ብላ በወለድ ትበደራለች። ሙት ዓመቱ ሲደርስ የአርባው ዕዳ ገና አላለቀም፤ ልጆቿ ደብተር መግዣ ያጣሉ። ለመሆኑ በልጆቹ ችግር ደስ የሚለው ሟች አለ? ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ለግብዣ የሚጠሩት ብድር መመለስ የማይችሉ ድኾች እንዲሆኑ አስተምሯል፤ ዋጋውም በትንሣኤ ቀን ነው።

ተዝካር ይቅር አላልኩም፤ እንደ አቅም ይሁን ነው የምለው። የሟቹ ስመ ክርስትና በቅዳሴ ከተጠራ፣ ንፍሮና ዳቦ ለነዳያን ከተሰጠ ተዝካሩ ወጥቷል። እኛም «ንፍሮ ብቻ አበላች» ብለን አንማ። ሐሜታችን ነው ሰውን ዕዳ ውስጥ የሚከተው።

የሞቱትን ነፍስ ይማርልን፤ ለቀረነው የንስሐ ዕድሜ ይስጠን።