እልፍ መክሊትና መቶ ዲናር
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጸጋ እንድንናገር ስንጠየቅ «ቄስ እያለ ባለ ታክሲ?» ብለን ነበር። ነገሩ ወደ ዕዳ ከመጣ ግን እኛም የምንለው አናጣም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእልፍ መክሊት ዕዳ የተማረለት ባሪያ፣ ከንጉሡ ፊት ወጥቶ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አነቀ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ፣ አራት ኪሎ ጀምረን ያቋረጥነው ሒሳብ ጨርሶ እንዳይጠፋን ያህል፣ ይህን አስልተነዋል። ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ የቀን ዋጋ ነበር፤ አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይመጣል። እንግዲህ ዕዳው የ60,000,000 ቀን ሥራ ነው። በዓመት 300 ቀን ብንነዳ 200,000 ዓመት ይፈጃል። ሰውዬው ግን ጊዜ ቢሰጠው ከፍሎ የሚጨርስ መስሎት ነበር! መቶው ዲናርም ቢሆን የመቶ ቀን ሥራ ነውና ቀላል ገንዘብ አይደለም። ምሳሌው የተበደራችሁን ሰው ያስቀረባችሁ ኢምንት ነው አይልም፤ ሰባኪዎቻችን እዚህ ላይ ይቸኩላሉ።

እኛ ወደዚህ አገር ስንመጣ አንድ አንድ ሻንጣ ነበረን። ቀድመውን የመጡ ነጂዎች ሳያውቁን ሶፋቸው ላይ አስተኙን፤ ከፈረቃቸው በኋላ እያዞሩ መንገዱን አስጠኑን፤ የመጀመሪያውን ሳምንት የመኪና ኪራይ ከፈሉልን። ልንመልስ ስንሄድ አንድ ጋሼ ተቆጡን። «ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው የለም ወይ?» ነበር ያሉት።

ከእኛ በኋላ የመጣ አንድ ወንድማችን ዕቁብ ከወጣለት በኋላ መኪናው ተጋጨበትና መክፈል አቃተው። እኛ ምን አደረግን? ነዳጅ ማደያ አግኝተነው፣ ልጁ ከኋላ ወንበር ሆና እያየች፣ «ሌባ» አልነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያንም ከማኅበሩም ቀረ። እኛ ግን እሑድ እሑድ «ማረን» ማለታችንን አልተውንም።

ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ ያለው፣ ጌታ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ከነገረው በኋላ ነው፤ እንዲገባለት ብሎ አይደለም። እኛም የተገባልንን ያህል ዘግይተን አሰብን። ቀሪውን ዕዳ ተውንለት። ሁሉም ዕቁብተኛ አልተስማማም፤ ያልተስማሙትን ድርሻቸውን አዋጥተን ከፈልናቸው፤ መብታቸው ነውና አንወቅሳቸውም።

ለ«ሌባ»ው ግን መዋጮ አይበቃም። ባለፈው ወር ሦስት ሆነን ቤቱ ሄድን። በሩን የከፈተችው ልጅቱ ናት፤ አወቀችን። «አባዬ የለም» አለች፤ ድምፁ ከውስጥ ይሰማል። ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ ወጣና «ግቡ» አለን፤ ቡና ተፈላ።

ይህን የምናወራው በፈቃዱ ነው። ዛሬ እዚህ አዳራሽ የለም፤ የጥሪው ካርድ ግን ደርሶታል።