የብርቱካን ልጣጭ አይጣል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ክረምቱ አልፎ መስከረም ቢጠባም የቤታችን ጥግና ቁም ሣጥኑ ገና እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ለዓመት በዓል ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፣ ዕጣን እናጨሳለን፤ ደግ ነው። ታዲያ የብርቱካኑን ልጣጭ ለምን እንወረውራለን? እኛ እኮ መርቲና ኑራ ኤራ በብርቱካን ስማቸው የተጠራበት የአዋሽ ሸለቆ ሰዎች ነን!

የ2 ብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ 5 ወይም 6 ፍሬ ቅርንፉድና የተሰነጠቀ ኮረሪማ በ1 ሊትር ውኃ በዝግታ ማንተክተክ ነው። ውኃው ሲጎድል ይጨመር፤ ድስቱ ካረረ የሚተርፈን ጭሱ ነው። ልጣጩን በሰፌድ አድርቆ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ለዚህስ የአዳማን ፀሐይና ነፋስ ማን ብሎት!

አሁን ዋናውን ላሳስብ። ብዙዎቻችን የምናንተከትከው ከቡና በተረፈ ፍም ነው። «መዓዛው እንዳይወጣ» ተብሎ በርና መስኮት ሲዘጋ ግን ሰው ይሞታል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቀረፋም ቅርንፉድም አያጠፋውም። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ቶሎ ወደ ደጅ ይውጣ። በር ተከፍቶ ይሠራ። ከመኝታ በፊትም ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት።

ቀረፋና ቅርንፉድ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ናቸውና ውድ ናቸው፤ ሦስት አራት ጎረቤት አዋጥቶ ቢገዛ ይሻላል።